ለበርሜል ጀልባችን የመረጥኩት ሞተር

ሰይዴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። መቃብርህ ጋ ስደርስ የምልህ ይህንኑ ነው፤ ለወረቀትም ሌላ አላገኘሁም። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ከዚያ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። ያንተን ነገር አላህ ያውቃል። የእኔን ከጠየቅከኝ ናፍቆቱ ሲቀነስ የሚተርፍ ደህንነት የለኝም። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ የጀልባው ሞተር ነው።

እያሾፍኩ አይደለም። ያ ስምንት ወር ሙሉ ያጨቃጨቀን፣ አንድ ሳምንት ያኳረፈን የጀልባ ሞተር። ገዛሁት። የቱን እንደገዛሁ ግን አሁን አልነግርህም። በህይወት እያለህ ወሬዬን ሳልጨርስ ቁም ነገሩን ንገሪኝ እያልክ ታቋርጠኝ ነበር፤ ዛሬ አርፈህ ትሰማኛለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እናትህ አጣዬ እህትህ ጋ ሄዱ። የልጄን ጫማ በር ላይ እያየሁ መኖር አልቻልኩም አሉ። ጫማህን አንስቼው ነበር እኮ። እሳቸው የሚያዩት ጫማው የነበረበትን ቦታ ነው፤ እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ አልተከራከርኳቸውም። ልጃችን መዲና ደብረ ብርሃን ጤና ኮሌጅ ገባች፤ ብርዱን እየረገመች ትማራለች። ወንድሟ ጀማል አዲስ አበባ ስራ ይዟል። ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ወጥ ስሰራ እጄ አሁንም የሚሰፍረው ለአምስት ሰው ነው። ሦስት ቀን ያንኑ እያሞቅኩ እበላለሁ፣ በአራተኛው ቀን ለጎረቤት ዶሮዎች እሰጣለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ተነስቼ ለአምስት ሰው እሰራለሁ።

ስልክህን አልዘጋሁትም፤ ቻርጅ አደርገዋለሁ። የመስኖ ፓምፕ የተበላሸባቸው ገበሬዎች፣ መሞትህን ያልሰሙ፣ ከሩቅ ሩቅ ቀበሌ አሁንም ይደውሉልሃል። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ እየነገርኳቸው አብረን እናለቅስ ነበር፤ ኋላ ደከመኝ። አሁን ምን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ካንዴላውን አውጥተህ በጨርቅ ጥረገው፣ ቱቦው አየር እንዳያስገባ እየው፣ ቤንዚኑ ውሃ ነክቶት እንደሆን አሽትተው እላቸዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት አንተ ስትል የሰማሁትን ነው የምላቸው። አንዳንዱ ሞተሩ ይነሳለትና መልሶ ደውሎ ይመርቀኛል። ምርቃቱን ወዳንተ አስተላልፋለሁ፤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ሲዘጉት ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጸጥ ይላል።

ጀማል ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቶብኛል። በየሳምንቱ እየደወለ አዲስ አበባ ነይ ይለኛል። አንድ ክፍል አለኝ፣ መሃሉን በመጋረጃ እንከፍለዋለን፣ እዚያ ብቻሽን ምን ትሰሪያለሽ ይለኛል። ከግድቡ ማዶ ያለውን እርሻ ጎረቤታችን ሙሄ ለእኩል ሊያርሰው ጠይቋል፤ የጀልባውን በርሜሎችም ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም ይላል። ልጅህ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ድምጼ ሲሰበር በስልክ ይሰማዋል፣ መሄጃ ያጣል። ግን ሰይዴ፣ እኔ እዚያ መጋረጃ ጀርባ ምን እሆናለሁ? ማንን አውቃለሁ? መቃብርህ እዚህ፣ እርሻዬ እዚህ። በመጨረሻ ቃል ተገባባን። የዘንድሮውን የበጋ ሽንኩርት በራሴ ጀልባ አሻግሬ ሀጂ ኑሩ መጋዘን ካደረስኩ ዳግመኛ ነይ አይለኝም። ካልቻልኩ መሬቱን ለሙሄ ሰጥቼ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ። ስለዚህ የሞተሩ ነገር የጀልባ ነገር ብቻ አልነበረም፤ የምኖርበት ቦታ ነገር ነበር።

ያ ጀልባ ስንቱን አሳየን። ግድቡ ውሃ ሞልቶ የታችኛው መንገድ ሲሰጥም እርሻችን ከማዶ ቀረ። ድሮ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ሁለት ሰዓት ሆነ። ሌላው ሰው አህያ ጨመረ። አንተ ግን በወጣትነትህ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከጋሽ ታደሰ ጋር የጀልባ ሞተር ስትጠግን ኖረህ ስለነበር አህያው አልታየህም። አስራ ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ሰብስበህ፣ ስድስት ስድስቱን በሁለት ረድፍ አስረህ፣ ከላይ በብረት አያይዘህ ሳንቃ ረበረብክበት። መቀመጫና ጥላ ሁሉ ሰራህለት። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፤ ከሮቢ ወንዝ በቀር ውሃ አላውቅም። አገር ምድሩ ሳይቀር ለቤተሰቡ ጀልባ ሰራ ብሎ ሲያወራ ኩራቱ እኔ ላይ ነበር የሚታየው።

የመጀመሪያው ቀን ያደረግከውን ግን አልረሳልህም። ጋሽ ታደሰ የጀልባ ሞተር ራሱን ችሎ ነው የሚገዛ ብለውህ ሳለ፣ ቤቴ ስንት ሞተር ተደርድሮ ብለህ ባለ ሦስት ኢንቹን የመስኖ ፓምፕ ጫንክበት። ከፊት ውሃ ይስባል፣ ከኋላ በቱቦ ይተፋል፣ ጀልባው ይሄዳል፤ ስሌትህ ይህ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ዳር ላይ ወጣ። ጀልባው ሄደ፣ አልዋሽም። ቱቦው ግን እየተወራጨ ወደ ጎን መትፋት ሲጀምር ባለበት ቦታ ይሽከረከር ጀመር። እናትህ ከዳር ሆነው ልጄን አቁሙልኝ ይላሉ፣ ማን ገብቶ ያቁምህ። ፓምፑን ልታጠፋ ስትሮጥ ቱቦው ዞረና ዳር የቆመውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አጠበው፤ ሀጂ ኑሩ በነጭ ጀለቢያቸው ጭምር። ከዚያ ወዲያ ሰው ባገኘህ ቁጥር የሚጠይቅህ የጀልባህ ሞተር ስንት ኢንች ነው እያለ ነበር። እኛ አገር ሞተር በኢንች እንጂ በፈረስ ጉልበት አይታወቅማ።

ነገሩን ከልብህ የያዝከው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ታደሰ በስልክ መከሩህ። የጀልባ ሞተር በጀልባው ማማር አይመረጥም፣ በሚሸከመው ክብደትና በሚገጥመው ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም መዝን አሉህ። አንተ ደግሞ ሁሉንም ሲሉህ ሁሉንም ነው። አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡን በሙሉ ሰልፍ አስይዘህ ሀጂ ኑሩ መጋዘን የሽንኩርቱ ሚዛን ላይ አወጣኸን። እናትህ እኔ ሽንኩርት ነኝ እንዴ ብለው ግማሽ ሰዓት አስለመኑን። መዲና ኪሎዬን ለጆሮዬ ብቻ ንገሩኝ አለች። ጀማል ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ይዞ ሊወጣ ሲል ያዝከው። የእኔን ጮክ ብለህ አነበብከው፤ ያን ይቅር አልልህም።

ቤት ስንመለስ የእያንዳንዳችንን ስምና ኪሎ በየመቀመጫችን ላይ በቀይ ቀለም ጻፍክ። እናትህ አምሳ አንድ፣ መዲና አርባ ስድስት፣ ጀማል ስልሳ፣ እኔ ስልሳ ስምንት፣ አንተ ሰባ አራት። ያንተን መቀመጫ ከፊት አደረግከው። ሞተሩን ጀማል ይይዛል፣ እኔ ከፊት ሆኜ ውሃው የዋጠውን የግራር ጉቶ እያየሁ እነግረዋለሁ አልክ። ከአራት ኩንታል ሽንኩርት ጋር ሲደመር ሰባት መቶ ኪሎ ሊሞላ አንድ ኪሎ ጎደለው። ያቺን አንድ ኪሎ እናትህ በምሳ ይሞሏታል ብለህ ሳቅክ፣ እሳቸውም በከዘራቸው ነካ አደረጉህ። አምስታችን አንድ ላይ የሳቅንበት ቀን ብዬ ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ነው።

ጭቅጭቁ የመጣው ከድምሩ በኋላ ነው። አንተ አስራ አምስት የፈረስ ጉልበት አልክ፣ እኔ ስድስት አልኩ። ያንተ ምክንያት ከሰዓት በኋላ ከአፋር በኩል የሚነሳው ነፋስ ነበር። መሄጃውን ነፋሱ ራሱ ይገፋናል፣ ሞተር የሚመረጠው ለመመለሻው ነው ትላለህ። የእኔ ምክንያት ቤንዚን ነበር። ሮቢት ላይ ቤንዚን መቼ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ተሰልፌ ያመጣሁትን ቤንዚን አስራ አምስት ፈረስ ሲጠጣው ቆሜ አላይም አልኩህ። አንተም ግትር፣ እኔም ግትር። የሞተሩን መስቀያ ብረት ከጀልባው ኋላ ስትበይድ እንኳ ለትልቁ እንዲሆን ድርብ አድርገህ በየድከው፤ ያውም እያየሁህ፣ ሆን ብለህ።

ከዚያ ረመዳን ወጥቶ ሁለት ወር እንዳለፈ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ እግርህን ውሃ ውስጥ እንደነከርክ ጠራኸኝ።

«ዘሀራ፣ ስድስቱ ይበቃል» አልከኝ።

ሌላ ምንም አልጨመርክም። እኔስ? እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ያንን ግትር እጁን አሰጠሁት ብዬ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ አወራሁ፤ ጉድጓድ ውሃ ጋ ስሄድም፣ ገበያ ስሄድም ወሬዬ እሱ ነበር። ፊትህ መጥቆሩን አይቻለሁ። ቀበቶህ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳትህንም አይቻለሁ። በረመዳን ጾሙ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ነው ስትለኝ አመንኩህ፤ ማመን ስለፈለግኩ ይሆናል። ከዚያ ስድስት ሳምንት አልቆየህም። ጉበት ነው አሉን፣ ጊዜው አልፏል አሉን። ሞተሩ ሳይገዛ ቀረ።

የባል ሀዘን ዒዳዬን አራት ወር ከአስር ቀን ቤት ስቀመጥ ጀልባው ዳር ላይ ታስሮ የፍየል መኝታ ሆነ። ከወጣሁ በኋላ በረጅም እንጨት እየገፋሁ ዳር ዳሩን እሄድበት ነበር፤ መሃሉ ላይ እንጨቱ አይደርስም። ጭነት ሲኖር ያንን ሁለት ሰዓት በእግር፣ በሰው አህያ። ዘንድሮ ከጀማል ጋር ቃል ስንገባባ ለጋሽ ታደሰ ደወልኩላቸው። ስምህን ስጠራ ነፍሱን ይማር አሉኝ። ከዚያ ስራ ጀመሩና ስንት ሰው ነው የሚሳፈረው አሉኝ። ሰይዴ፣ አምስት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አንድ አልኩ። እሳቸውም ደግመው ሳይጠይቁኝ ወደ ጭነቱና ወደ ነፋሱ አለፉ። ሁሉን ሰምተው አስራ አምስቱን እንድወስድ መከሩኝ።

እኔ ግን ሰይድ ራሱ በመጨረሻ ስድስቱ ይበቃል ብሏል አልኳቸው። ያኔ ክርክሩን ስላሸነፍኩ አልነበረም። ደህና ሆነህ ከነገርከኝ የመጨረሻዎቹ ነገሮች አንዱ እሱ ስለነበር ማፍረስ ከበደኝ። እሱ ካለ ምክንያት ይኖረዋል አሉና አንድ ያገለገለ ባለ ስድስት በሰው በሰው፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ላኩልኝ። መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሞክሪው፣ ካልሆነልሽ መልሺው አሉኝ።

የሞከርኩት ቀን ጠዋት ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ገመዱን ሦስት ጊዜ ስቤ ተነሳ። ውሃው ጸጥ ብሎ ሳለ በሩብ ሰዓት ማዶ ደረስኩ። ብቻዬን እየሳቅኩ፣ አየህ አይደል እያልኩህ ነበር የምሄደው። ቀን ሰራተኞቹ ስምንት ጆንያ ሽንኩርት ጫኑልኝና በእግራቸው ወደየቤታቸው ዞሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። መሃል ስደርስ ያ ያልከው ነፋስ መጣ።

ሞተሩ ይጮሃል፣ እኔ እጀታውን እስከ መጨረሻው አዙሬዋለሁ። የሰፈራችንን መስጊድ ሚናራ አይኔ ላይ አድርጌ እመለከታለሁ፤ አይቀርብም። ቆይቼ ሳየው ጭራሽ ርቋል። ሞተሩ ወደ ቤት እየገፋ ጀልባው ወደ እርሻው ይመለሳል። ሁለት ጆንያ ወደ ውሃው ጣልኩ፤ የአንደኛው አፍ ተፈታና ሽንኩርቱ ሁሉ ወጥቶ ተንሳፈፈ። ሽንኩርት እንደሚንሳፈፍ አላውቅም ነበር። ቀይ ቀዩ እየተንከባለለ ከእኔ ቀድሞ ወደ እርሻው ዳር ተመለሰ። ከዚያ ሞተሩ ታፍኖ ጠፋ፣ ነፋሱም እኔን ከነጭነቴ መልሶ እርሻው ዳር አወጣኝ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ነፋሱ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ሰው የለም። ሰራተኞቹ ሄደዋል፣ ሙሄ ከብቶቹን ነድቶ ገብቷል፣ ከማዶ የሰፈሩ ጭስ ይታየኛል፤ ከእነዚያ ቤቶች አንዱም እኔን አይጠብቅም። የኛ ቤት ብቻ ጭስ የለውም። ጀማል የሚደውለው በሳምንት አንዴ ነው፤ ብሞት ሰው የሚያውቀው ያን ስልክ ሳላነሳ ስቀር ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ተናደድኩብህ። ይበቃል ብለኸኝ ነበር፣ አንተ ሞተር የምታውቅ ሰው፣ ለምን ተሸነፍክልኝ ብዬ ጮህኩብህ። በእኛ ጭቅጭቅ ውስጥ አንተ መልስ ያልሰጠህበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነፋሱ በረደ፣ ሞተሩም ተነሳልኝ፣ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ለጀማል ምንም አልነገርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት የካንዴላ መፍቻ ልፈልግ የመሳሪያ ሳጥንህን ከፈትኩ። ከሄድክ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም፤ የዘይቱ ሽታ ያንተ የእጅህ ሽታ ስለሆነ ፈርቼው ነበር። ከመፍቻዎቹ ስር በላስቲክ የተጠቀለለች የኪስ ደብተርህን አገኘሁ። የሞተሩ ስሌት ናት። በመጀመሪያው ገጽ አምስታችንም አለን፣ አንተ ሰባ አራት፣ ከስር አስራ አምስት የፈረስ ጉልበት ይላል። በሁለተኛው ገጽ የእኛ ኪሎ እንዳለ ነው፣ ያንተ ብቻ ሰባ ይላል። ቀጥሎ ስልሳ ስድስት። ቀጥሎ ስልሳ አንድ። ቀጥሎ አምሳ ሰባት።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ስምህ ተጽፎ በእስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከጎኑ ኪሎ የለም። ከስሩ አራት ኩንታል ሽንኩርት የሚለውም ተሰርዟል። የቀረነው እናትህ፣ መዲና፣ ጀማልና እኔ ነን፤ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ኪሎ። ከሱ ስር፣ ስድስት ይበቃል ብለሃል።

ደብተሯን ይዤ ሀጂ ኑሩ ጋ ሄድኩ። ገና ከእጄ ላይ ሲያዩዋት ወንበር አቀረቡልኝ። አንቺ ገበያ በምትሄጂበት ቀን እየጠበቀ ይመጣ ነበር፣ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ አይቶ ይወርዳል፣ ለማንም እንዳልናገር በአላህ ስም አስምሎኛል አሉኝ። ይቅርታ በይኝ አሉኝ፤ ትልቅ ሰው ፊቴ ቆመው እንባቸው መጣ። ምን እላቸዋለሁ። አንተን ነው የምለው።

ራስህን ከድምሩ ማውጣትህን ልተወው፤ እሱ የአላህ ቀደር፣ የአላህ ውሳኔ ነው። ሳትነግረኝ ማውጣትህን ግን እንዴት ብዬ ልተወው? እዚያ ሚዛን ስር አብሬህ እቆም ነበር። አምሳ ሰባት ሲል እጅህን እይዝ ነበር። አንተ ብቻህን እየወጣህ ብቻህን ወረድክ፣ ከዚያ መጥተህ እግርህን ውሃ ውስጥ ነክረህ ስድስቱ ይበቃል አልከኝ፣ እኔ ደግሞ አሸነፍኩ ብዬ ጨፈርኩ። ያን ጊዜ ምን ተሰማህ? ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠይቅህ አትጠይቀኝ። እኔ አሁን ብቻዬን ነኝ እያልኩ አለቅሳለሁ፤ አንተ ግን እኔ አጠገብህ ተኝቼ እያለሁ ብቻህን ነበርክ። ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው።

አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ዓይኔ እንደገና ደብተሯ ላይ በተሰረዘው ሽንኩርት ላይ አረፈ። ስምህን ሰረዝክ፣ እሺ። ሽንኩርቱን ምን ብለህ ሰረዝከው? አንተ ከሄድክ ዘሀራ እርሻውን ትታ ትቀመጣለች ብለህ ነው? ሃያ ሦስት ዓመት አብረኸኝ ኖረህ? ልጅህም ያንተኑ ሀሳብ ነው የያዘው፤ የተማከራችሁ ይመስል። ያ ንዴት በጀኝ፤ ከወንበሩ አነሳኝ። የሀጂ ኑሩን እስክሪብቶ ተውሼ እዚያው ገጽ ላይ፣ ከጽሁፍህ ስር፣ ሽንኩርት አራት ኩንታል ብዬ መለስኩት። የእናትህንና የልጆቹን ኪሎ ሳልነካ ተውኩት፤ ለዒድ መምጣታቸው አይቀርም።

አዎ፣ አስራ አምስቱን ገዛሁት። አሸንፈሃል። ስድስቱን በመጣበት አውቶቡስ መለስኩና ጋሽ ታደሰ ትልቁን ላኩልኝ። አንተ በድርብ በየድከው መስቀያ ላይ አምጥተን ስንሰቅለው ምንም መዶሻ ሳይነካው ገጠመ። ቤንዚኑን በተመለከተ እኔም ልክ ነበርኩ፣ እንዳትኩራራ፤ እንደ ጉድ ይጠጣል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ሞተሩ ከባድ ነው፣ እኔም ከኋላ ነው የምቀመጠው፤ ባዶውን ስሄድ ፊቱ ከውሃው ላይ ብድግ ይላል፣ የግራሩ ጉቶም አይታየኝም። ጋሽ ታደሰ ጋ ስደውል ከፊት ሰው አስቀምጪ አሉኝ። ከዚያ ትዝ አላቸውና ሰው ከሌለ አሸዋ በጆንያ አድርጊ፣ ስልሳም ሰባም ኪሎ ይሁን አሉኝ።

ከሮቢ ወንዝ አሸዋ ሞልቼ በአህያ ሀጂ ኑሩ መጋዘን ወሰድኩት። ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ሰባ ዘጠኝ አለ። ሀጂ ኑሩ ምንም ሳይጠይቁኝ በእጃቸው እየዘገኑ ቀነሱ፣ ትንሽ መለሱ፣ ደግሞ ቀነሱ። ሰባ አራት ላይ ሲቆም አፉን ራሳቸው አሰሩት። ወስጄ ከፊት፣ ስምህ ባለበት መቀመጫ ላይ አሰርኩት። ቀይ ቀለሙ ፈዞ ነበር፤ አድሼዋለሁ።

ሽንኩርቱን በአምስት ቀን አሻገርኩት። ነፋሱ መጣ፣ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሚናራው ግን እየቀረበ እየቀረበ መጣ። የመጨረሻውን ጆንያ ሀጂ ኑሩ መጋዘን ሳወርድ ለጀማል ደወልኩለት። ለዒድ እመጣለሁ አለኝ፤ ነይ አላለኝም። ቤት ገብቼ ሩዝ አበሰልኩ፣ እንደ ልማዴ ለአምስት ሰው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው ይህን ደብዳቤ ያን ማታ በልቤ የጀመርኩት።

አሁን የማዶ ገበሬዎችም በጀልባዬ ይሳፈራሉ። ጭነት ሲበዛ ይህን አሸዋ አውርጂውና በቦታው ሌላ ጆንያ እንጫን ይሉኛል። ጀልባው ሲሞላ ክብደቱ ይደላደላል፣ አሸዋው ስራ የለውም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አይወርድም እላቸዋለሁ። እኔም ስሄድ ስመለስ ከኋላ ሆኜ አወራዋለሁ፤ እንደ ድሮው እጨቀጭቅሃለሁ። እንደ አሸዋ ዝም ያልክ ሰው አልነበርክም፣ ግን ምን ላድርግ።

ጆንያው እየላላ ነው፤ ከስሩ ትንሽ ትንሽ ይፈሳል። ይህን ያየሁት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ደነገጥኩም። ወዲያው ሀጂ ኑሩ ጋ ወስጄ አስመዘንኩት፤ ሰባ አንድ ብሏል። በአዲስ ጆንያ ገለበጥኩና ሦስት ኪሎ ጨመርኩበት። ከእንግዲህ በየወሩ አስመዝነዋለሁ፣ የጎደለውን እሞላለሁ። እኔ በህይወት እስካለሁ ድረስ፣ ሰይዴ፣ ከሰባ አራት አትወርድም።

ዘሀራህ
ሸዋ ሮቢት